ካሮት፣ ሎሚና የሱሉልታ ፀሐይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የፋርማሲስቷ መልስ

በጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ ደብዳቤው ሁሉ ስለ ፀሐይ ይሆናል። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሮበታል፤ ጠያቂው ሁሉ “ተፈጥሯዊ” ነው የሚፈልገው። ከካሮት፣ ከኮኮናት፣ ከእሬት፣ ከአረንጓዴ ሻይ የተሠራ የፀሐይ መከላከያ። ስለዚህ የዚህን ወር ገጽ ሙሉውን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

አዲስ ለሆናችሁ፦ ፋርማሲስት ነኝ። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ፋርማሲ አለችኝ። ደንበኞቼ “ዶክተር” ይሉኛል። አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቤቴ ውስጥ የተፈጥሮ ቅባት እየሠራሁ በቴሌግራም እሸጣለሁ። የካሮት ዘር ዘይት ኤስፒኤፉ (ከፀሐይ ቃጠሎ የመከላከል አቅሙ) 40፣ የራስበሪ ዘር ዘይት ደግሞ እስከ 50 እንደሚደርስ አንብቤያለሁ። ሁለቱን ከኮኮናት ዘይትና ከሺአ ቅቤ ጋር ቀላቅዬ “ኤስፒኤፍ 50” ብዬ ብጽፍበት ችግር አለው? እኔ ራሴ እየተቀባሁት ነው፤ ቆዳዬ አምሮበታል። (ቅባት ሠሪዋ፣ ከአያት)

መልስ፦ አለው እህቴ። በደንብ አለው። ግን ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ይህ ቁጥር ዓለምን ዞሮ ነው አያት የደረሰው። ከየት እንደተነሣ ልንገርሽ።

የራስበሪው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ከታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ዘይቱ ምን ያህል ጨረር እንደሚያሳልፍ በመሣሪያ ለኩ። ውጤቱን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ማዕድን ካለባቸው መከላከያዎች ጋር አነጻጸሩት። ሰው ላይ ቀብተው ግን አልሞከሩትም። ከዚያ በኋላ ያነበበው ሁሉ የመከላከያዎቹን ቁጥር አንሥቶ ለዘይቱ ሰጠው።

የኮኮናትና የወይራ ዘይት ደግሞ 7 ገደማ የወጣላቸው የላብራቶሪ ልኬት አለ። እሱም ዘይቱ በአልኮል ቀጥኖ፣ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ተደርጎ፣ ብርሃን እየተላከበት የተሰላ ነው። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው። ለመጀመሪያ ማጣሪያነት እኔም አልጠላውም። ፊት ግን ብልቃጥ አይደለም። ፊት ላይ ዘይት ይሳሳል፣ በላብ ይወርዳል፣ በነጠላ ጫፍ ይጠረጋል።

እውነተኛው ኤስፒኤፍ የሚለካው ፈቃደኛ ሰዎች ጀርባ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊ ግራም ይቀባል። ከዚያ የተቀባው ቆዳ እስኪቀላ ስንት ጨረር እንደፈጀ፣ ካልተቀባው ጋር ይወዳደራል። በዚህ ልክ ከተቀባ 15 የተባለው ወደ 93 በመቶ የሚሆነውን አቃጣይ ጨረር ያስቀራል፤ 30 ወደ 97፣ 50 ወደ 98። እንግዲህ አስቢው። አንዲት እናት ያንቺን “50” አምና ልጇን ቀብታ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ብታውለውስ?

የካሮቱ ነገር ደግሞ ያስቃል። ካሮትን ብርቱካናማ ያደረገው ቤታ ካሮቲን በዋናነት የሚይዘው ሰማያዊ ብርሃንን ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 450 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነውን። የሚያቃጥለን ዩቪቢ የተባለው የፀሐይ ጨረር ያለው ግን ከ280 እስከ 315 ድረስ ነው። ቆዳ የሚያስረጀውና የሚያጠቁረው ዩቪኤ ከዚያ ቀጥሎ እስከ 400 ይሄዳል። ዘበኛው ሌላ በር ላይ ነው የቆመው። ከዘሩ በእንፋሎት የሚወጣው ዘይት ላይማ ቤታ ካሮቲኑ ራሱ የለም።

ይህን ስል ቅጠል መናቄ አይደለም። ግቢዬ ጦስኝ፣ እሬትና ዳማ ከሴ ነው። ተክል እንደኛ ጥላ ፍለጋ አይሄድም፤ በቆመበት ነው ፀሐዩን የሚችለው። ስለዚህ በቅጠሉ የላይኛው ሽፋን ላይ ፍላቮኖይድ የሚባሉና ሌሎች ጨረር የሚውጡ ንጥረ ነገሮችን ያከማቻል። ፀሐዩ ሲበረታ እነሱንም ይጨምራል። ቡናችን ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ 325 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ጨረር ጥሩ አድርጎ ይውጣል። በጋምቤላ በኩል የሚበቅለው የሺአ ዛፍ ቅቤም ከሲናሚክ አሲድ የተገኙ ጨረር የሚይዙ ነገሮች አሉት፤ ጥቂት ቢሆኑም። ስለዚህ “ዕፅዋት ጨረር ይከላከላሉ” የሚለው ወሬ ውሸት አይደለም። ችግሩ ከቅጠሉ ወደ ዕቃው ሲሄድ ነው። ምን ያህሉ ወደ ዘይቱ እንደወጣ አታውቂም። የዛሬው ካሮትና የሚመጣው ወር ካሮት እኩል አይሆኑም። ብዙዎቹ ደግሞ ራሳቸው ብርሃን ላይ ሲቆዩ ይፈርሳሉ።

ለዚህ ነው የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው የተፈቀዱ የጨረር ማጣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ እንዲሁ የተጨመቀ የተክል ውሃ ወይም ዘይት የማታገኚው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ባቀረበው ረቂቅ ላይ ደኅንነታቸውም ውጤታማነታቸውም ተረጋግጧል ያላቸው ሁለት ናቸው፤ ዚንክ ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ። ሁለቱም ማዕድን ናቸው።

“እንግዲያው ዚንኩን ገዝቼ ልጨምርበት” እንዳትዪ። በማንኪያ የተማሰለ ዚንክ ይጓጉላል። አንዱ ጋ ይከመራል፣ አንዱ ጋ ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ጋ ትቃጠያለሽ። ፋብሪካዎች ለዚህ ብቻ የሚሆን ማሽን አላቸው። የእሬት ዝልግልግ የምትጨምሪበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ውሃ ያለበት ቅባት ማቆያ ካልተደረገበት ሻጋታና ባክቴሪያ ያፈራል።

ቅባትሽን ሽጪ። “ቆዳ ያለሰልሳል” ብለሽ ጻፊ። አምሮብኛል ያልሽውን አምናለሁ፤ ዘይት ደረቅ ቆዳን ያወዛል፣ ወዛም ቆዳ ደግሞ ያምራል። ቁጥሩን ግን ዛሬውኑ ፋቂው። ኮስሞቲክስም በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር መሆኑን አትርሺ። ሥራሽ ሲሰፋ ሄደሽ ምን እንደሚጠይቁ እወቂ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ማዲያት ያጠፋል፣ ከፀሐይም ይጠብቃል ተብዬ ሎሚና ማር ቀላቅዬ ፊቴንና አንገቴን ተቀባሁ። እንደተቀባሁ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳጥብና ሳሰጣ ዋልኩ። ማግስቱን ደህና ነበርኩ። ከዚያ ቆዳዬ ቀልቶ ውሃ ቋጠረ። አሁን ደርቋል፤ ነገር ግን ሎሚው የወረደበት መስመር ሁሉ ጠቁሮ ቀረ። ጎረቤቶቼ “ምች መትቶሽ ነው” ብለው ዳማ ከሴ አሽተውልኛል። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ያደረገሽ ሎሚው ነው። ሎሚው ብቻም አይደለም፤ ሎሚውና ፀሐዩ ተባብረው ነው።

ሎሚ ውስጥ፣ በተለይ ልጣጩ ላይ፣ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ጨለማ ውስጥ ቢቀቡ ይህን ቃጠሎ አያመጡም። ዩቪኤ ሲያገኛቸው ግን ይነቃሉ፤ የቆዳውን ሕዋስ ይጎዳሉ። ተንኮላቸው መዘግየታቸው ነው። ቃጠሎው ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን በኋላ ይጀምራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ሰው ያኔ ሎሚውን ረስቶታል። ስለዚህ ቡዳ ይላል፣ ምች ይላል፣ የበላውን ሽሮ ይጠረጥራል። የፈሰሰበትን ቅርጽ ይዞ መጥቆሩ ግን ዋነኛው ምልክቱ ነው። አንቺ ራስሽ “የወረደበት መስመር” ብለሽ ጽፈሽልኛል።

ጎረቤቶችሽን አትቆጪ። ሽታ ያለው ነገር ነክቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ያሳምማል የሚሉ እናቶች አንድ ነገር አይተዋል። ብዙ ጊዜ ምች የምንለው ከንፈር ላይ የሚፈላው ነገር የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ እሱንም ቢሆን ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል። ያንቺ ግን ሌላ ነው።

አሁን ሁሉም ቤት ወዳለው ተክል ልምጣ፤ ጤና አዳም። ለቡናና ለአይብ የምንወደው ጤና አዳምም እነዚህኑ ፉራኖኩማሪኖች ይዟል። ፍሬውን ጣል ያደረግሽበት ሲኒ አያቃጥልሽም። እርጥብ ቅጠሉን ጨምቆ ቆዳ ላይ አሽቶ ፀሐይ ላይ መቆም ግን ያቃጥላል። በቀትር እጅጌ ሰብስቦ የጤና አዳም ቁጥቋጦ የሚከረክም ሰው ክንዱ ላይ ጅራፍ የመሰለ ሰንበር ሊያወጣ ይችላል። ሕፃን ልጅ ላይ እርጥቡን አሽታችሁ ወደ ውጭ አታውጡ። የበለስ (የቁልቋሉ ሳይሆን የዛፉ) ቅጠል ወተትም ያው ነው።

የሚገርመው፣ ይኸው ጠባይ መድኃኒት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ካይሮ ውስጥ ኤል ሞፍቲ የተባሉ ሐኪም በናይል አካባቢ ከሚበቅል ተክል የተገኘውን ከፉራኖኩማሪን ወገን የሆነ ንጥረ ነገር ለለምጽ ሕክምና ተጠቀሙበት። መድኃኒቱን ሰጡ፣ ከዚያ ለፀሐይ አጋለጡ፤ ቀለሙ የጠፋው ቆዳ መልሶ እንዲጠቁር። ዛሬም በልክ የተመጠነ ጨረር እየተጨመረበት በሐኪም እጅ ይሠራበታል። አንቺ ልታጠፊው የፈለግሽውን ጥቁረት እሳቸው ሊያመጡት ነው የተጠቀሙበት።

ላንቺ፦ የጠቆረው ከሳምንታት እስከ ወራት ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ ይለቃል። አትፈትጊው። ማንጫ ክሬም አትቀቢ፤ በተለይ ስሙን ያልጻፈውን። ፀሐይ እንዳያገኘው ሸፍኚው። ዳግመኛ ሎሚ ቆዳሽ ላይ ቢፈስ፣ ሰላጣ ስትሠሪም ቢሆን፣ ወደ ውጭ ከመውጣትሽ በፊት በሳሙናና በውሃ ታጠቢ። ሰፊ ቦታ ውሃ ከቋጠረ አታፍርጪው፤ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ሰበታ መንገድ ዳር አትክልት እሸጣለሁ። ማዲያት አስቸግሮኝ የፀሐይ ክሬም ገዛሁ። “ከአረንጓዴ ሻይ ጋር” ይላል። ልጄ “ማታለያ ነው፣ ሻይ ጠጪበት” እያለች ትስቅብኛለች። እውነት ማታለያ ነው?

መልስ፦ ልጅዎ ቀልደኛ ናት። ግን አይደለም። ዕቃውን ያዙሩትና ያንብቡ። 30 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ኤስፒኤፍ ካለው፣ ዩቪኤንም እንደሚከላከል ከተጻፈበት፣ የሚያጣራልዎ ዋናው ነገር ውስጡ አለ ማለት ነው። ሻዩ ረዳት ነው።

ረዳትነቱ እንዲህ ነው። የትኛውም ክሬም ጨረሩን ሁሉ አያስቀርም። ያመለጠው ቆዳ ውስጥ ገብቶ ጎጂ ሞለኪውሎችን ይፈጥራል። የአረንጓዴ ሻይ ፖሊፌኖሎች እነዚያን ያከሽፋሉ። በሰው ቆዳ ላይም ተሞክረው መቅላቱን ቀንሰዋል። ከእህል ገለባና ከፉርሽካ የሚገኘው ፌሩሊክ አሲድም በዚህ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት ላይ 15 በመቶ ቫይታሚን ሲና 1 በመቶ ቫይታሚን ኢ ባለበት ፈሳሽ ላይ ግማሽ በመቶ ፌሩሊክ አሲድ ሲጨመር፣ ከፀሐይ የሚሰጠው ጥበቃ ከ4 እጥፍ ወደ 8 እጥፍ አደገ። የተሞከረው በአሳማ ቆዳ ነው፤ ቅር ካላለዎት። ዕፅዋት ቦታቸው እዚህ ነው፣ ከማጣሪያው ጎን። ለብቻቸው ሲቀሩ ነው የማልወደው።

ለማዲያት ግን ሌላ ነገር ልጨምር። እንደኛ ጠይም ቆዳ ላይ ማዲያትን የሚያብሰው ዩቪ (ዩቪኤና ዩቪቢ) ብቻ አይደለም፤ በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው። እሱን ግልጽ ክሬም አያስቀረውም። የሚያስቀረው ቀለም ያለው ነው። ቀለሙ አይረን ኦክሳይድ ነው፤ ቀይ አፈርን ቀይ ያደረገው ነገር። የሐመር ሴቶች ከቅቤ ጋር ለውሰው ጸጉራቸውን የሚቀቡት ቀይ አፈርም ይኸው አለው። ስለዚህ ሲገዙ “ቀለም ያለው አለ?” ብለው ይጠይቁ። ፊት ላይ ነጭ ዱቄት መስሎ መቅረቱም ይቀንሳል።

መጠኑን አይቆጥቡ። ለፊትና ለአንገት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። በየሁለት ሰዓቱ ዋጋው አይቻልም ካሉኝ እውነትዎን ነው። ትልቅ ጃንጥላ መደቡ ላይ ይትከሉ፤ ለአትክልቱም ይጠቅማል። ሻሽዎም ወፈር ያለ ይሁን፤ ስስ ነጠላ ብዙ ያሳልፋል።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ነው የምሮጠው። አሠልጣኛችን ክሬም ተቀቡ ይለናል። ጥቁር ሆነን ምን ያደርግልናል? ኑግ ዘይት ብቀባስ? (ሯጭ)

መልስ፦ ኑጉን ለወጥ ተወው፤ አንሸራታች ከመሆን በቀር አይጠቅምህም።

ጥቁር ቆዳ በራሱ መከላከያ አለው፤ በኤስፒኤፍ ቢለካ 13 ገደማ ነው የሚባለው በጣም ለጠቆረው ነው። ቀይ ዳማና ጠይም ከዚያ ያንሳል። ያለንበት ከፍታ ደግሞ አለ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ዩቪ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በቀትር ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ናት። የነሐሴ ደመና አያታልልህ፤ ስስ ደመና አብዛኛውን ዩቪ ያሳልፋል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥተህ በ2 ሰዓት የምትመለስ ከሆነ አትጨነቅ። ከረፈደ ግን ጥላህን ተመልከት። ከቁመትህ ካጠረ ኮፍያ አድርግ፣ ውሃ የሚቋቋም የሚል ክሬም ተቀባ። ጆሮህንና የአንገትህን ጀርባ አትርሳ።

ጥያቄ፦ የሁለት ወር ልጅ አለኝ። ፀሐይ ሳሞቃት ቅቤ ነበር የምቀባት። እህቴ ከውጭ “የዕፅዋት ሰንስክሪን ለሕፃናት” ልካልኛለች። በእሱ ልተካው? ብርድ ሲሆን በመስኮት በኩል ነው የማሞቃት። (እናት፣ ከቡራዩ)

መልስ፦ አትተኪው። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ሰንስክሪን አይመከርም፤ የዕፅዋትም ቢሆን። የምታሞቂያት ለቫይታሚን ዲ ነው። እሱን የሚሠራው ዩቪቢ ነው። መከላከያ ቀብቶ ማሞቅ በአንዱ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ይሆናል።

መስኮቱን ግን ተዪው። መስታወት ዩቪቢን ያስቀራል። ልጅቷ ሞቅ ይላታል እንጂ ቫይታሚኑን አታገኝም። ነፋስ የማይመታው ደጅ ላይ፣ ጠዋት፣ ለአጭር ጊዜ፣ ዓይኗን ከልለሽ አሙቂያት። ቀትር ላይ አይሆንም። ቅቤው ጨረሩን ብዙ አይከለክልባትም፤ ንጹሕ ይሁን ብቻ። ስለ ቫይታሚን ዲ ጠብታ ለክትባት ስትሄጂ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ አልቢኖ ነው፤ 8 ዓመቱ ነው። ክሬሙ ውድ ስለሆነብን ከጓሮ እሬት እየቆረጥን እንቀባዋለን። ፊቱ ላይ አንድ ቁስል አለ፤ ይደርቅና ደግሞ ይደማል። እሬቱን እናብዛው? (አያት፣ ከአቃቂ ወዲያ)

መልስ፦ አባባ፣ አይደለም። መጀመሪያ ቁስሉን። እየደረቀ መልሶ የሚደማ ቁስል እንደዚህ ባለ ልጅ ላይ በቤት የሚታይ አይደለም። በዚህ ሳምንት ይውሰዱት። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው፤ ከጤና ጣቢያዎ ሪፈር ያጽፉ። እንዲህ ያለ ቁስል ክፉ እንኳ ቢሆን በጊዜ ሲታይ ብዙ ጊዜ ይድናል።

እሬት የተቃጠለን ቆዳ ያቀዘቅዛል። ጨረር ግን አያስቀርም። ዝልግልጉ እንደ ውሃ ነው፤ ፀሐዩ በውስጡ ያልፋል። እኛን የሚጠብቀን ሜላኒን እሱ ቆዳ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለሌላው ሰው “ምርጫ ነው” የምለው ለእሱ ግዴታ ነው።

ገንዘቡ ካነሰ በዚህ ቅደም ተከተል ያውጡት። አስቀድመው ልብስ፤ እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ፣ ጨርቁ ጠቆርና ጠበቅ ያለ ሸሚዝ። ቀጥሎ ዙሪያውን ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፤ ኬፕ ጆሮን አይሸፍንም። ከዚያ የቀረውን፣ ማለትም ፊቱን፣ ጆሮውን፣ አንገቱንና የእጁን ጀርባ፣ 30 ወይም 50 በሆነ ክሬም ይሸፍኑ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ቱቦ ብዙ ይቆያል። ለመግዛት ሲሄዱ ስለ ዕፅዋቱ አይጠይቁ፤ ርካሹና ቁጥሩ እውነተኛ የሆነው ይበቃል። ዓይኑንም ያስመርምሩለት፤ የእይታ ችግር አብሮ ይመጣል።

ትምህርት ቤቱን ደግሞ ያነጋግሩ። የሰልፍና የስፖርት ሰዓት ጥላ ሥር ይቁም። ባርኔጣውን ክፍል ውስጥም እንዳያስወልቁት ይንገሯቸው። ሰሌዳው እንዲታየው ፊት ወንበር ላይ፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። አስተማሪው ካመነታ ይህን ገጽ ቆርጠው ይስጡት።